የግራው ረድፍ ለመቅደሚያ ነው

ቀለበት መንገድ ከቃሊቲ ተነስቶ በሃና ማርያምና በለቡ አልፎ ወደ አየር ጤና ሲዘልቅ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማን ያቋርጣል። ወደ ጅማ መስመር የሚሻገር የጭነት መኪና፣ ተሳፋሪ የጫነ ሚኒባስና የቤት አውቶሞቢል ጎን ለጎን ይጓዙበታል። ፍጥነታቸው እኩል ስላልሆነ ሳይነካኩ ሊተላለፉ የሚችሉት እያንዳንዱ ረድፉን ሲጠብቅ ነው።

ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. የግራ ጉዞን ትታ ወደ ቀኝ ከዞረች ወዲህ መደበኛው ጉዞ በቀኝ፣ መቅደም በግራ ነው። ቀድሞ የጨረሰ አሽከርካሪ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ዝግ ብሎ የሚሄድ ከባድ መኪናም የግራውን ረድፍ መያዝ የለበትም።

በላፍቶ በኩል በየቀኑ የሚታየው ግን ሌላ ነው። አንድ ሲኖትራክ የግራውን ረድፍ ይዞ ሲያዘግም ከኋላው ያሉት በቀኝ ለመቅደም ይገደዳሉ። ቀኙ ደግሞ ሚኒባስ ተሳፋሪ የሚያወርድበት፣ ከሰርቪስ መንገድ የወጣ መኪና የሚቀላቀልበት፣ እግረኛም ታክሲ የሚጠብቅበት ዳር ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከቆመ ሚኒባስ ፊት ብቅ ላለ ሰው የሚተርፈው ጊዜ ኢምንት ነው። በግራ በኩል የተሠራው ጥፋት ዋጋ የሚከፈለው በቀኝ ነው፤ ከፋዩም አብዛኛውን ጊዜ መኪና የሌለው ሰው ነው።

የግራው ረድፍ የፈጣኖች ርስትም አይደለም። የፍጥነት ወሰን በሁሉም ረድፍ ላይ ይሠራል። ከፊት ያለውን መኪና ተጠግቶ ረጅም መብራት ማብራትና ክላክስ ማስጮህ ማስፈራራት ነው። ሲቀደም ፍጥነት የሚጨምር አሽከርካሪም ቀዳሚውን ለአደጋ ያጋልጣል። ረድፍ የሚቀይር ሰው አስቀድሞ ፍሬቻ ያሳያል፣ ስፖኪዮ ያያል፣ ስፖኪዮው የማያሳየውን ጎን ደግሞ ዞር ብሎ ያረጋግጣል። ፍሬቻ ማብራት ብቻውን ቅድሚያ አይሰጥም፤ ብዙዎች እንደሚሰጥ አድርገው መግባታቸው ያሳዝናል። መንገድ በሚጠብበት ቦታ ከሁለቱም ረድፍ ተራ በተራ፣ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ መግባት ሰልፉን ያፍታታል።

ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ በየአቅጣጫው ሦስት ረድፍ አለ። በከተማ ውስጥ ግራውን ይዞ መዝለቅ የለመደ አሽከርካሪ ይህንኑ ልማድ ወደዚያ ይዞ ይሄዳል፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ ስህተትን የማረሚያ ጊዜ ያንሳል።

የዚህ ጋዜጣ አቋም የረድፍ ጥሰት እንደ ቀላል ጥፋት መታየቱ ይብቃ የሚል ነው። የትራፊክ ፖሊስ ለፍጥነትና ለተከለከለ ቦታ መቆም የሚሰጠውን ትኩረት የግራውን ረድፍ ያለ ምክንያት ለሚይዝም ሊሰጥ ይገባል። የአሽከርካሪ ማሠልጠኛዎች ሠልጣኙን ባለ ብዙ ረድፍ መንገድ ላይ አውጥተው ያለማምዱት። የመንገድ አስተዳዳሪዎችም የደበዘዘውን የረድፍ መስመር ያድሱ፤ መስመሩ በማይታይበት አስፋልት ላይ ረድፍህን ጠብቅ ብሎ መቅጣት ፍትሐዊ አይሆንም።