«ነፃ» የተባለው ኮሌጅና የተጣራ ዋጋው

ስለ ሥልጣንና ስለ ምርጫ መጻፍ የለመደ ብዕር ዛሬ ስለ ኮሌጅ ክፍያ ቢያወራ አይግረማችሁ። ፖለቲካው እዚህም አለ፤ እንዲያውም እናቶቻችን ኪስ ድረስ የሚገባው ፖለቲካ ይኼኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 ነሐሴ ወር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ «ወንድሜ፣ እስቲ ይህን ደብዳቤ አንብብልኝ» ብለው ጠሩኝ። የበኩር ልጃቸው ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። ደብዳቤው ኮሌጁ የላከው የገንዘብ ድጋፍ ማስታወቂያ ሲሆን፣ ከግርጌው በደማቅ ቀለም 14,395 ዶላር የሚል ድምር ታትሞበታል። «ተመስገን! ይህን ሁሉ ሰጡት?» አሉኝ።

አልሰጡትም። ከዚያ ውስጥ 7,395 ዶላሩ ፔል ግራንት የሚባለው፣ የፌዴራሉ መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ ለዓመቱ ከተፈቀደው ጣሪያም ደርሶለታል። 5,500 ዶላሩ ግን ብድር ነው። የቀረው 1,500 ዶላር ደግሞ ልጁ በኮሌጁ ውስጥ ሥራ ቢያገኝና ቢሠራ የሚከፈለው ደመወዝ ነው። ስጦታን፣ ዕዳንና ገና ያልተሠራ የላብ ዋጋን ደምሮ «ድጋፍ» ብሎ መጥራት ምን ይባላል? መርካቶ ውስጥ እንዲህ የሚደምር ነጋዴ ቢገኝ ስም አናጣለትም ነበር።

ይህ የአንድ ቢሮ ስህተት ነው የሚለኝ ካለ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣውን ዘገባ ያንብብ። ከኮሌጆቹ 91 በመቶ የሚሆኑት በድጋፍ ደብዳቤያቸው ላይ የተጣራውን ዋጋ ወይ ጨርሶ አይጽፉትም፣ ወይ ከእውነተኛው አሳንሰው ያቀርቡታል ይላል። ከመቶ ዘጠና አንዱ «የሚሳሳተው» ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ፣ እኔ ስህተት ብዬ አልጠራውም።

የተጣራ ዋጋ ማለት ምሥጢር አይደለም። የዓመቱን ሙሉ ወጪ፣ ማለትም የትምህርት ክፍያውን፣ መጽሐፉን፣ ቤቱን፣ ምግቡንና ትራንስፖርቱን ደምሮ፣ የማይመለሰውን ስጦታ ብቻ መቀነስ ነው። ብድር አይቀነስም። በእናቲቱ ደብዳቤ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የዓመቱ ወጪ 18,200 ዶላር ተብሎ ተገምቷል። በኮሌጁ አደማመር የጎደለው 3,805 ዶላር ይመስላል። እውነተኛው ግን 10,805 ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የአንድ ቤተሰብ እንቅልፍ አለ።

«ኮሚኒቲ ኮሌጅ እኮ ርካሽ ነው፣ ልጁም እናቱ ቤት ነው የሚኖረው» የሚሉኝ እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ኮሌጅ ቦርድ ባወጣው መረጃ መሠረት በ2024–25 የትምህርት ዘመን የነዚህ ኮሌጆች አማካይ የትምህርት ክፍያ ለአካባቢው ነዋሪ 4,050 ዶላር ነበር፤ ሙሉ ፔል ግራንት ይህን ከፍሎ ይተርፋል። ነገር ግን እናት የጋገረችው እንጀራ ጤፉ በነፃ አልተገዛም። እኚህ ሴት ቀን አንድ ቦታ፣ ማታ ሌላ ቦታ የሚሠሩት ለዚያ የቤት ኪራይ ነው። ልጁ ሙሉ ጊዜ ከተማረ የሚቀርበት ደመወዝም አለ። ሙሉ ጊዜ ካልተማረ ደግሞ ፔል ግራንቱ በዚያው ልክ ይቀነሳል።

ፖለቲከኞቹም ይህን ያውቃሉ። ቴነሲ እ.ኤ.አ. በ2014 አውጃ በ2015 የጀመረችው «ነፃ ኮሌጅ» የሚከፍለው ፔል ግራንት ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረውን የትምህርት ክፍያ ነው። ክፍያው በፔል የተሸፈነለት ድሃ ልጅ ከዚህ ነፃነት የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሚጠቀመው ፔል የማያገኘው ባለ መካከለኛ ገቢ ነው። ኒው ሜክሲኮ በ2022 ሕጓን ስታወጣ የራሷን ገንዘብ ከፌዴራሉ አስቀድማ እንዲከፈል በማድረጓ፣ ፔሉ ለተማሪው ለቤቱና ለምግቡ ይተርፈዋል። ሁለቱም «ነፃ» ተብለዋል። ልዩነቱን በምርጫ ንግግር ላይ ሲያስረዳ የሰማሁት ሰው የለም።

እኛስ? ፋፍሳ የተባለውን ቅጽ መሙላት ነፃ ሆኖ ሳለ ገንዘብ ከፍለን የምናስሞላ አለን። «ታክሴን ለማንም አላሳይም» ብሎ ልጁን ከስጦታው የሚያስቀር አባት አውቃለሁ። ስጦታውን ከብድር ጋር አደባልቆ «ዕዳ ቤቴ አይገባም» የሚልም አለ። የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ወገናችን ደግሞ ከፌዴራሉ ድጋፍ ውጭ መሆኑን የሚነግረው አጥቶ ወራት ይጠብቃል።

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር እንዲሉ፣ ከሁሉ የባሰው ስንጥር ሌላ ነው። ተማሪ ከሴሚስተሩ 60 በመቶውን ሳይጨርስ ሙሉ በሙሉ ካቋረጠ፣ ከተሰጠው የፌዴራል ገንዘብ ገና «የእኔ ነው» ሊለው ያልደረሰው ድርሻ ይመለሳል፤ ኮሌጁም የጎደለበትን ከተማሪው ሊጠይቅ ይችላል። አንድ የማውቀው ልጅ አባቱ ሲታመምበት በሰባተኛው ሳምንት ትምህርቱን ትቶ መኪና መንዳት ጀመረ። ከሁለት ወር በኋላ ቤቱ የደረሰው የዕዳ ደብዳቤ ነው። ያንን ሳይከፍል እንደገና መመዝገብ አልቻለም። ዛሬም እየነዳ ነው። ሲገባ ያገኘው ወረቀት ላይ በትልቁ የተጻፈው ድምሩ ነበር፤ ስለ 60 በመቶው ግን ቃል የተናገረው ሰው አልነበረም።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ብድሩንና ደመወዙን በእርሳስ ሰረዝኩና ከሥሩ 10,805 ብዬ ጻፍኩላቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ይህን ቁጥር አንተ በእርሳስ ከጻፍከው፣ እነሱ በማሽናቸው መጻፍ ምን አቃታቸው?» አሉኝ። እኔ መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ደብዳቤውን ይዘን፣ እርሳሱ እንዳለበት፣ ልጁን አስከትለን ወደ ኮሌጁ ቢሮ ሄድን፤ ጥያቄውንም እሳቸው ራሳቸው በአማርኛ ጠየቁ፣ እኔ አስተረጎምኩ።