መጀመሪያ አስቀምጡን

ግልጽ ደብዳቤ

በአምባሰልና በሐይቅ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ለምታገለግሉ ባለሙያዎች፣ ለምትመሯቸውም ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የደም ግፊት አለካክን ይመለከታል

መስከረም 21 ሲደርስ ግሸን ደብረ ከርቤ ከየአቅጣጫው በሚመጣ ምእመን ይሞላል። አቀበቱን ሽማግሌውም ባልቴቷም በእግራቸው ይወጡታል። ከእነሱ መካከል ግፊት እንዳለበት ሳያውቅ የሚወጣው ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ30 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች 1.4 ቢሊዮን ያህሉ ግፊት አለባቸው፤ ግማሽ ያህሉ ግን አያውቁትም። አንዳንዴ የሚነግራቸው ስትሮክ ነው።

የተለካውስ በትክክል ተለክቷል? በየጤና ጣቢያው የምናየው እንዲህ ነው። እናት አቀበት ወጥታ ትመጣለች፣ ወረፋ ቆማ ትጠብቃለች። ስሟ ሲጠራ ትንፋሿ ሳይመለስ የግፊት መለኪያው ማሰሪያ በሹራቧ ላይ ይጠመጠማል። ማሽኑ እየነፋ ሳለ «ዕድሜዎ ስንት ነው? ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ትባላለች። አንዲት ቁጥር ካርዷ ላይ ትሰፍርና «ቀጣይ!» ይባላል። በዚያች ቁጥር የማያስፈልጋት የዕድሜ ልክ ኪኒን ሊታዘዝላት ይችላል።

ዲጂታል ማሽኑ መልካም ነገር ነው። ሜርኩሪ የለውም፣ የጆሮን ስሕተት ያስቀራል፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በአጭር ሥልጠና ትሠራበታለች። ነገር ግን የሚያነበው የደም ሥርን ንዝረት ስለሆነ ክንድ ሲንቀሳቀስ፣ ሰው ሲያወራ ወይም የልብ ምት ሲዛባ ይሳሳታል። ማሰሪያው ለክንዱ ከጠበበም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ታካሚው ሽንት ቤት ደርሶ አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩ መሬት ይርገጥ፣ ክንዱ ተገልጦ በልቡ ትይዩ ይረፍ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቡና የጠጣ ከሆነ ይጠብቅ። ማንም አያናግረው። ከዚያ ሁለት ጊዜ ይለካ፤ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገምለት። እጅግ ከፍ ያለውን ግን ቀን ሳትቆጥሩ አክሙት።

ካናዳ ውስጥ ታካሚውን ከማሽኑ ጋር ብቻውን ትተው የሚወጡ ሐኪሞች አሉ። ማሽኑ ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን ያወጣል፤ ነጭ ጋዋን ሲያይ ግፊቱ የሚንር ሰው አለና። እኛ ዘንድ ለዚያ የሚሆን ክፍል የለም ትሉ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወሎ ጤና ተቋማት እንዴት እንደተዘረፉ አንረሳም፤ ሥራ እንደበዛባችሁም እናያለን። አግዳሚ ወንበር ግን አይጠፋም። ወረፋው በመቆም ፈንታ በመቀመጥ ይጠበቅ፤ አምስቱ ደቂቃ ከዚያው ይገኛል።

እናንተ ኃላፊዎችም ማሽን ስትገዙ ትክክለኛነቱ የተመሰከረለትን ምረጡ፤ ለቀጭኑም ለወፍራሙም ክንድ የሚሆን ማሰሪያ፣ ባትሪና ወቅታዊ ምርመራ አይጉደለው። የግፊት ኪኒኑ አምሎዲፒንም ከመደርደሪያው አይጥፋ። «ዛሬ የለም» ተብሎ የተመለሰ ገበሬ ለዚያች ኪኒን ብሎ ደሴ ድረስ መሄድ ይከብደዋል።

ለመስከረም 21 ንግሥ ድንኳን ስትተክሉም ምእመኑን አቀበቱን እንደጨረሰ አትለኩት። የግሸን አባቶችንም አማክሩ፤ ጸበል የሚጠጣ ሰው ኪኒኑን እንዳያቋርጥ ከዐውደ ምሕረት ቢነገር ከእናንተ ምክር ይልቅ ይሰማል።

ይህ ሁሉ አዲስ በጀት ሳይጠብቅ በአንድ አግዳሚና በሁለተኛ ልኬት ሊጀመር ይችላል። ከዛሬው ወረፋ ጀምሩት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር