የሚያረጅ መሣሪያና የማያረጅ ሥራ

ጥበብ ልብሷን ትለውጣለች እንጂ ከሰው ዘንድ አትርቅም። የቀድሞ ሠዓሊ በእንጨት፥ በግድግዳና በብራና ላይ ይሥል ነበር፤ በኋለኛው ዘመን ግን የቴሌቪዥንን መስኮት እንደ ብራና፥ የኤሌክትሪክን ብርሃን እንደ ቀለም አድርገው የሚሠሩ ተነሥተዋል። ከእነዚህም በቀዳሚነት የሚጠራው በ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሴኡል ከተማ የተወለደው ናም ጁን ፓይክ ነው።

ፓይክ በ1963 በጀርመን አገር በቩፐርታል ከተማ ቴሌቪዥኖችን ለትርኢት አቀረበ። ከእነርሱም በአንዱ ተመልካቹ በማይክሮፎን ሲናገር በመስኮቱ ላይ ያለው የብርሃን መሥመር እንደ ድምፁ ይለዋወጥ ነበርና፥ ተመልካቹ ራሱ የሥራው ተካፋይ ሆነ። በ1974 ደግሞ ቴሌቪዥኖችን በለመለሙ ተክሎች መካከል አኑሮ እንደ አትክልት ቦታ አደረጋቸው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ግዙፉ በ1988 በኮርያ በግዋቾን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዘክር ያቆመው ግንብ ነው። ቴሌቪዥኖቹ 1003 ሲሆኑ፥ ቁጥራቸው የኮርያ መንግሥት ምሥረታ የሚከበርበትን ኦክቶበር 3 ቀን ያመለክታል። ፓይክ በ2006 ከሞተ በኋላ መሣሪያው እያረጀ ሄዶ ለአደጋ የሚያሠጋ ስለ ሆነ በ2018 መብራቱ ተዘጋ። ብዙ ከተደከመበትም በኋላ በ2022 እንደ ገና በራ፤ 737ቱ ቴሌቪዥኖች ተጠግነው ወይም በሌላ አሮጌ ተተክተው፥ በላይ ያሉት 266 ትንንሾች ግን በአዲሱ ጠፍጣፋ መስኮት ተለውጠው ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል፤ አካሉ የተለወጠ ሥራ የሠሪው ሥራ ነውን? አሮጌ ሥዕል በሌላ እጅ ቢታደስ የፊተኛው ሠዓሊ እጅ ይጠፋል የሚሉ እውነት አላቸው። ነገር ግን ሥዕልና መጽሐፍ አንድ አይደሉም። ዳዊቱ ሲያረጅ ጸሓፊው በአዲስ ብራና ይገለብጠዋል፤ ብራናው ቢለወጥም ቃሉ ያው ነው። የፓይክም ቴሌቪዥኖች ከፋብሪካ የወጡ ናቸው፤ የእርሱ የሆነው ሐሳቡ፥ አደራደሩና በመስኮቶቹ የሚያልፈው ምስል ነው። ስለዚህ ግንቡ ከሥዕል ይልቅ ወደ መጽሐፍ ይቀርባል፤ ቤተ መዘክሩም ጨለማ ሆኖ ከሚቀር መሣሪያውን ለውጦ ማብራቱ የተገባ ነው።

ይሁን እንጂ የቀድሞው መስተዋት ብርሃን ከጠፍጣፋው ይለያልና ጉዳቱ ሊሸሸግ አይገባም። ጥሩ ጸሓፊ የገለበጠበትን ዘመን በመጽሐፉ ፍጻሜ እንደሚያኖር፥ የሚያድስም ሰው ምን እንደ ለወጠና ስለ ምን እንደ ለወጠ በጽሑፍ ማስቀረት አለበት።

ይህ ነገር የኮርያ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያም ቴሌቪዥን ሥራውን ከጀመረበት ከ1964 ወዲህ በፊልምና በክር የተቀረጸው ሁሉ ከዚሁ ሕግ አይወጣም፤ ክሩ ያረጃል፥ ክሩን የሚያነበውም መሣሪያ ከገበያ ይጠፋል። እንግዲህ በኃላፊነት የተቀመጠ ሁሉ ለመሣሪያ መግዣ ገንዘብ ሲመድብ፥ ለጠባቂውና ለገልባጩም በዚያው ቀን ይመድብ። ዘርቶ ያላረመ ገበሬ ምርቱን ለአረም አሳልፎ እንደሚሰጥ፥ ሠርቶ ያልጠበቀም ትውልድ ድካሙን ለመርሳት አሳልፎ ይሰጣል።