ሲጋራም የሚተወው በእግር ነው

ሲጋራን የተወ ሰው ብዙ ነው፤ እንደ ተወ የቀረ ግን ጥቂት ነው። ይህን የምንለው በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም። እኛም ዩኒቨርሲቲ ሳለን ለፈተና ስናመሽ የለመድነውን ሲጋራ ሁለት ጊዜ ትተን ሁለት ጊዜ ተመልሰንበታል። የመለሰንም ታላቅ ኀዘን ወይም ታላቅ ችግር አልነበረም፤ ከምሳ በኋላ የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ነው።

በምንኖርበት በአማኑኤል ሰፈር፣ ለመርካቶ ቅርብ በመሆኑ፣ ይህ ፈተና ይበረታል። ከደጃችን ወጥተን ጥቂት እንደ ተራመድን ሱቅ በደረቴው ሲጋራውን ከማስቲካና ከመሐረብ ጋር ደርድሮ ይጠብቀናል፤ አንድ ፍሬም ቢሆን ይሸጥልናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ መልካም ነው። ነገር ግን አዋጁ ሲጋራውን ከቢሮው ያስወጣል እንጂ ሐራራውን ከውስጣችን አያወጣውም።

እንግዲህ ሐራራ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ኒኮቲን የለመደ አእምሮ ሲቀርበት ይቈጣል፤ ቍጣው በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፣ ከዚያም በሳምንታት ውስጥ እየበረደ ይሄዳል። እያንዳንዱ ሐራራ ለብቻው ሲታይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጥቂት ደቂቃ እንግዳ ነው። ሊቃውንት መርምረው እንደ ደረሱበት፣ 10 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ በዚያች ሰዓት የሚመጣውን የማጨስ ፍላጎት ይቀንሰዋል። ስለዚህ ጥበቡ ከሱስ ጋር ዕድሜ ልክ መታገል ሳይሆን ያችን 10 ደቂቃ በእግር ማሳለፍ ነው።

በሦስተኛው ጊዜ ያደረግነውም ይኸው ነው። ማለዳ፣ ኩሊውና የጭነት መኪናው መንገዱን ሳይሞሉት፣ ከአንድ ባልንጀራችን ጋር ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ተነሥተን እስከ አውቶቡስ ተራ ደርሰን እንመለሳለን። በመጀመሪያው ቀን ዳገቱ ላይ ቆመን ሳልን፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናትና በስስ አየሯ ያጨሰ ሳንባ ቶሎ ያስታውቃል። ከሁለት ወር በኋላ ግን ያንኑ ዳገት እየተጫወትን ወጣነው። ይህን ያህል የደከምንበትን ትንፋሽ በአንድ ፍሬ ሲጋራ መለወጥ አሳዘነን፤ እስከ ዛሬም የጠበቀን ይህ መሳሳት ነው።

የሰውነት እንቅስቃሴ ብቻውን ከሱስ ያላቅቃል አንልም። ሰውየው ለብዙ ዘመን ይጸና እንደ ሆነ የተደረገው ምርመራ ቍርጥ ያለ መልስ አልሰጠም። የሐኪም ምክርና የወዳጅ እርዳታም ያስፈልጋል። ሆኖም እግር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቀጠሮም አይፈልግም።

ስለዚህ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ በየመሥሪያ ቤቱም ያላችሁ ወጣቶች ሠራተኞች፣ በሻይ ሰዓት ባልንጀራችሁ «ና እናጭስ» ሲላችሁ «ና እንራመድ» በሉት። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ተብሎ የለምን? ሲጋራም የሚተወው በእግር ነው።