ልጁ አነበበ ወይስ አስተጋባ?

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች የትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ መንፈቀ ዓመትና የቡና ለቀማ ወራት አብረው ይመጣሉ። በመስከረም ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ብዙም ሳይቆይ ቡናው ይቀላል። በጅማ ከተማ፣ በመንደራ ቆጪ ቀበሌ፣ ሕፃናት ደብተራቸውን ይዘው ወደ ክፍል ሲገቡ፣ በማና፣ በጎማ፣ በሊሙና በጌራ ከሚኖሩት እኩዮቻቸው አንዳንዶቹ ቅርጫት አንግበው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ቡናው ማሳ ይወርዳሉ። ጊዜው እንዲህ የተጣበበ በመሆኑ፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በዚህ መንፈቀ ዓመት በክፍላቸው ውስጥ ምን እየተማሩ ነው ብሎ መጠየቅ የመምህራን ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ተግባር ነው።

ይህ ጥያቄ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የመጽሐፉን ገጽ ይቈጥራል፤ ወይም “ልጅህ ስንተኛ ወጣ?” ወደሚለው ይዞራል። የገጹ ቍጥር መምህሩ የት እንደደረሰ ይነግረናል፤ ደረጃውም ልጁ ከማን እንደሚበልጥ ያስታውቀናል። ልጁ ምን እንደሚችል ግን ሁለቱም አይነግሩንም። በእኔ አስተያየት፣ በታችኞቹ ክፍሎች የአንድ መንፈቀ ዓመት ትምህርት ዋና መለኪያ፣ ልጁ ቀድሞ ያላየውን ጽሑፍ በራሱ ዓይን አንብቦ የተረዳውን በራሱ አንደበት መናገር መቻሉ ነው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አማርኛ ማንበብ የሚማር ሕፃን 33 ፊደላት እያንዳንዳቸው በ7 መልክ ሲለዋወጡ፣ 231 ቅርጾችን ለይቶ ማወቅ ይጠበቅበታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ፣ በጅማ አካባቢ ብዙ ልጆች ንባብን የሚጀምሩት በአፋን ኦሮሞ፣ በላቲን ፊደል ላይ በተመሠረተው በቁቤ ነው። አማርኛ ሲማሩ ሁለተኛ ፊደል ይጨምራሉ። በቁቤ የሚጠብቅ ድምፅ በድርብ ፊደል ይጻፋል፤ በአማርኛ ግን መጥበቅና መላላት በጽሕፈት አይታይም። “ገና” ሲጠብቅ የበዓል ስም ነው፤ ሲላላ የጊዜን አለመድረስ ያመለክታል። “አለ” ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ይገልጻል። ስለሆነም አንባቢው የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ ካልተከተለ ቃሉን በትክክል ሊያሰማው እንኳ አይችልም። ማንበብና መረዳት የተለያዩ ሁለት ሥራዎች አይደሉም የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን የተለመደውን የንባብ ትምህርት ልብ በሉ። መምህሩ አንድ መስመር ያነባል፤ ክፍሉም በአንድ ድምፅ ይደግመዋል። በውጭ ለሚያልፍ ሰው ትምህርቱ የሰመረ ይመስለዋል። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል ማን እንዳነበበና ማን እንዳስተጋባ አይታወቅም። የልጅ ጆሮ ፈጣን ነው፤ ገጹን በጥቂት ቀን ውስጥ በቃሉ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ገልብጦ ቢይዘው እንኳ ሳይሳሳት ሊወጣው ይችላል።

የቀድሞ መምህራን ለዚህ መፍትሔ ነበራቸው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሪው ሀሁን በተራ ከቈጠረ በኋላ፣ የፊደሉ ቅደም ተከተል በተለወጠበት በአቡጊዳ ይፈተናል፤ ዜማውን ብቻ የያዘ ተማሪ እዚህ ላይ ወዲያው ይታወቃል። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ልጁ ትምህርቱን በሉሕ ላይ ጽፎ ለመምህሩ ለብቻው ያሰማል። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በቃል መያዝን ያበረታታሉ፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን ቀርቦ ሳይሰማ ወደሚቀጥለው ትምህርት አይሸጋገርም።

ነገሩ የጥቂት ክፍሎች ጉዳይ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በ8 ክልሎች በተደረገ የንባብ ጥናት፣ ከ100 የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ከክፍል ወደ ክፍል ቢዘዋወሩም፣ ሒሳቡም ሆነ የአካባቢ ሳይንሱ በጽሑፍ የሚቀርብ ነውና ሁሉም ትምህርት ይዘጋባቸዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ትምህርቱን ቢያቋርጥ “ሰነፍ ነው” ይባላል፤ እውነቱ ግን ገና ከጅምሩ ብቻውን ሲያነብ ያዳመጠው ሰው አለመኖሩ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፣ 60 ተማሪዎች በተቀመጡበት ክፍል መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ ማዳመጥ አይችልም የሚል ነው። በአንድ ቀን በእርግጥ አይችልም። በየቀኑ 6 ልጆችን ቢያዳምጥ ግን በ10 የትምህርት ቀናት፣ ማለትም በ2 ሳምንት፣ ሁሉንም ያዳርሳል። ሁለተኛው፣ ቡናው የቤተሰቡ የዓመት መተዳደሪያ ስለሆነ በለቀማ ወራት ልጁ ከክፍል ቢቀር አይፈረድበትም የሚል ነው። የቡናውን ጥቅም የሚክድ የለም። ነገር ግን ልጁ ከክፍል ከሚቀር ይልቅ ቡናው ወደ ክፍል ይግባ። 1 ፈረሱላ 17 ኪሎ ከሆነ፣ 3 ፈረሱላ ጀንፈል ቡና ስንት ኪሎ ይሆናል? እሸት ቡናና ጀንፈል ቡና በምን ይለያያሉ? እንዲህ ያለውን አጭር ምንባብ የጅማ ልጅ ከሕይወቱ ጋር እያገናዘበ ያነበዋል። ከዚህም በላይ የሚዛኑን ቍጥርና የደረሰኙን ጽሑፍ ለይቶ የሚያነብ ልጅ የአባቱንና የእናቱን ድካም ከመጭበርበር ይጠብቃል።

እናንተ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በዚህ ሥራ ድርሻ አላችሁ። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ በእናንተ ዕድሜ የነበሩ ተማሪዎች ጎልማሶችን ፊደል አስቈጥረዋል። ዛሬ ከእናንተ የሚፈለገው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ በየማታው 10 ደቂቃ ያህል ታናሽ ወንድማችሁን ወይም እኅታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ከመማሪያ መጽሐፉ ሳይሆን ከሌላ ጽሑፍ፣ ከማስታወቂያ ወይም እናንተው ከጻፋችሁት አጭር ደብዳቤ፣ ጥቂት መስመር አስነብቡ። ከዚያም “ምን ይላል?” ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ቢሳሳት አትቈጡ፤ ቢያስተጋባም አታመስግኑ፤ አንብቦ ሲረዳ ግን ደስታችሁን ግለጹለት። የመንፈቀ ዓመቱ ትምህርት መሳካቱን ከመጨረሻው ገጽ ይልቅ የልጁ መልስ በተሻለ ያስረዳልና።

መልመጃ

1. ጸሐፊው “ማንበብ” እና “ማስተጋባት” በሚሉት ቃላት መካከል ያደረገውን ልዩነት በራሳችሁ አባባል ግለጹ።
2. ከተነሡት ሁለት መቃወሚያዎች የተሻለ መልስ ያገኘው የትኛው ነው? ምክንያታችሁን ስጡ።
3. “ገና”፣ “አለ” እና “ዋና” የሚሉትን ቃላት አጥብቃችሁና አላልታችሁ በማንበብ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
4. በአካባቢያችሁ ሕፃናት ስለሚማሩት ትምህርት ያላችሁን አስተያየት በሦስት አንቀጽ ጻፉ።