ፎረፎርና የብርድ ወራት
ከወርኃ ጥቅምት እስከ ወርኃ ጥር፣ ደጋው በውርጭ ሲመታና ደረቁ ነፋስ ከቆዳ ላይ እርጥበትን ሲነጥቅ፣ በብዙ ሰው ራስ ላይ ፎረፎር ይበዛል፤ ይህንንም የንጽሕና ጉድለት ብቻ አድርጎ በባልንጀራ ላይ መፍረድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ዋነኛው ምክንያት በሰው ሁሉ ቆዳ ላይ የሚኖር፣ ማላሴዝያ የተባለ ረቂቅ ፈንገስ ሲሆን፣ ይህም የራስ ቆዳ የሚያመነጨውን ወዝ እየተመገበ የሚተወው አሲድ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያስቆጣል፤ የተቆጣውም ቆዳ ከልማዱ ፈጥኖ እየታደሰ ይረግፋል። ብርዱም ያባብሰዋል፤ ሰው ውሃውን ፈርቶ መታጠቡን ያዘገያልና፣ ሲታጠብም በሚያቃጥል ውሃ ነውና። ቅቤ መቀባት፣ ከእናቶቻችን የወረስነው ክቡር ልማድ ቢሆንም፣ ቅርፊቱን ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ ፈንገሱን አያርቅም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ለብ ባለ ውሃ አዘውትረው ይታጠቡ፣ ኬቶኮናዞል የተባለ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ያለበትንም ሻምፑ ከመድኃኒት ቤት ይጠይቁ፤ ቆዳው ቢቀላና ቢቆስል ግን ወደ ሐኪም ይሂዱ።