«ገበሬ» ስድብ አይደለም

ዛሬ ስለ አንድ ቃል ሐሳቤን ላካፍላችሁ ነው። ቃሉ «ገበሬ» ነው። እረፍት ሰዓት ላይ ኳስ የሳተ ልጅ «አንተ ገበሬ!» ይባላል። ጫማው ጭቃ የነካውም እንደዛው። ይሄ እንዴት ስድብ እንደሚሆን እኔ አይገባኝም።

ቃሉ «ገብረ» ከሚለው ግዕዝ የመጣ ነው፤ ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ስለዚህ ገበሬ የሚሠራ ሰው ነው። ዘመዶቹን እዩአቸው፦ ተግባር፣ ምግባር፣ ግብርና፣ ግብረ ገብ። ደብተር ላይ «ሥነ ምግባር» ብለን አሳምረን እንጽፋለን፣ ሜዳ ስንወጣ በወንድሙ እንሳደባለን!

«ግብር»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ እዚህ ጋ ግን ነገሩ ያሳዝናል። ድሮ የሚያርሰው ሰው ገባር ነበር። ካመረተው ይገብራል፣ ለጌታውም በጉልበቱ ያገለግላል። በኋላም ጭሰኛ እየተባለ የሰው መሬት የሚያርስ ብዙ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። ያኔ የተቋቋመው ማህበር ስሙ ምን ተባለ? የገበሬ ማህበር! ማንም አላፈረበትም።

አሁን ዜና ላይ «አርሶ አደር» ነው የሚባለው። «ገበሬ ስድብ ስለሆነ ነው» የሚሉ ልጆች አሉ፤ እኔ አልስማማም። አርሶ አደር ማለት አርሶ የሚያድር ማለት ነው፣ እንደ አርብቶ አደርና ላብ አደር። በኦሮምኛም «ቆቴ ቡላ» ስንል ያው ነው፤ ቆቴ አርሶ፣ ቡላ አዳሪ። (የሚበላው ቡላ አይደለም፣ አትሳቁ።) ሁለቱ ቋንቋዎች ተመካክረው ያወጡት ይመስላል። ጥሩ ቃል ነው። ግን ገበሬን ለመደበቅ ከሆነ፣ ነገ ደግሞ «አንተ አርሶ አደር!» መባል ይመጣል።

በሰበታም በቡራዩም በሱሉልታም ዛሬ ፋብሪካና ቤት ያለበት ብዙ ቦታ ትናንት እርሻ ነበር። የብዙዎቻችን አያቶች ያረሱት ነው። የኔ አያት በሬዎቹን ሸጦ አሁን የፋብሪካ ጥበቃ ነው። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት ግን እስከ ዛሬ «ገበሬ ነኝ» ይላል።

የወላጅ ሥራ የሚሞላበት ፎርም ሲመጣ ግን አባቱ ገበሬ ሆኖ «የግል ሥራ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ አለ። ጓደኞቹ እንዳያዩበት በእጁ ሸፍኖ ነው የሚጽፈው። የሰደብነው እኛ ነን። በሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ላይ ሳይሸፍን «ገበሬ» ብሎ ይጻፍ፤ እኛም አንሳቅበት።

ከ7ኛ ክፍል